ጨዋ የሆንኩበት ሰሞን

ድሬዳዋ ውስጥ ጥሩ መስኮት ምን ማለት እንደሆነ በብርድ አገር ላደገ ሰው ማስረዳት አይቻልም። እኔ ጥሩ መስኮት ነበረችኝ። ወደ መንገድ ታያለች፣ ፊት ለፊቷ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከየት እንደምትመጣ የማላውቃት ትንሽ ነፋስ ገብታ አንገቴ ሥር ታርፋለች። እዚያች መስኮት ላይ ተቀምጬ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐረርና ወደ ጅግጅጋ የሚላክ ዕቃ እቀበላለሁ። ካርቶኑን እመዝናለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ የመንገዱን ወሬ ሁሉ ከሥር ከሥር እለቅማለሁ። ባሌ “ከእኔ ይልቅ መስኮቷን ብታገቢ ይሻልሽ ነበር” ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ቀድማው ብትመጣ ኖሮ አስብበት ነበር።

የሥራ ዘዴዬ ቀላል ነው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ እሰድበዋለሁ። ስድብ ስል ክፉ ስድብ አይደለም፤ የእኛ አገር ሰው የሚገባው ዓይነት ነው። ካርቶኑ ላልቶ ከመጣ “ይህን ያሰርከው በእጅህ ነው በዓይንህ?” እለዋለሁ። ሲባጎ አውጥቼ እኔው እንደገና አስርለታለሁ። እያሰርኩ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፣ ከጀሪካኔ ቀዝቃዛ ውሃ እቀዳለታለሁ፣ ሲሄድ ደግሞ “ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ ብታመጣ አልቀበልህም” ብዬ እሸኘዋለሁ። ሁልጊዜም እንዲህ አድርጎ ያመጣል፣ ሁልጊዜም እቀበለዋለሁ። በዚህ ዘዴ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል።

ከደንበኞቼ ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ነበር። የስልክ ቻርጀር፣ ከቨርና ሪሞት የሚሸጥ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የተማረ፣ አፉን በሶማሊኛ የፈታ ሰውዬ ነው። ገና መንገዱን ሳይሻገር ድምፁ ይደርሰኛል።

“ናያ! አሮጊቷ! ሞተሻል ወይስ ተኝተሻል?”

“ቀብርህን ሳላይ የት እሄዳለሁ?” እለዋለሁ።

“ናያ” በሶማሊኛ “አንቺ ሴት” እንደ ማለት ነው፤ ይህ ሰላምታችን ነው። እንዲህ ስንባባል ዓመታት አለፉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና አናግሮኛል፤ እናቴ የሞተች ጊዜ። ሱቁን ዘግቶ መጣና ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። “አላህ ያጽናዎት” አለኝ። “ያጽናዎት” ሲለኝ ነው እናቴ እውነት መሞቷ የገባኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ይህን የምናገረው ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ አንድ ቀን ጠዋት የቅርንጫፋችን ኃላፊ ሁላችንንም ሰብስቦ አንድ ታብሌት ጠረጴዛ ላይ አቆመ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም። ላብ የሚበዛበትና አዲስ አበባ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤት እንደ እንጀራ እናት የሚፈራ ሰው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ሁሉ በኦንላይን ሊያሠለጥን ወስኗል አለን። ትምህርቱ በቪዲዮ ነው። በየምዕራፉ ፈተና አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ታብሌቱ መስኮቱ ላይ ቆሞ እያንዳንዳችን አንድ ደንበኛ ስናስተናግድ ይቀርጻል፤ ፊታችንን አይቶ፣ ድምፃችንን ሰምቶ፣ ራሱ ውጤት ይሰጣል።

“ያለፈ መስኮት ላይ ይሠራል” አለ ኃላፊያችን፣ እኔን ላለማየት ጣሪያውን እያየ። “ያላለፈ ወደ መጋዘን ይዛወራል።”

መጋዘኑ ከኋላ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት። ከሰዓት እዚያ ውስጥ ሻማ ብታስቀምጥ ሳትለኩሰው ይቀልጣል። እኔ ስለ ታብሌቱ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊው የተናገረውን ሁሉ አልሰማሁም። ዓይኔ ኒሙ ላይ ነበር።

መጋዘን ውስጥ የምትሠራ አንዲት ባልደረባ አለችኝ። ዝምተኛ ናት። ዝምታዋ ከመብዛቱ የተነሣ አንዳንዴ ከካርቶኖቹ መሀል ለይቼ አላያትም። እሷም ከእኔ ጋር እንድትማር ታዘዘች። እንግዲህ ሁለታችን አንዲት መስኮት ላይ ልንወዳደር ነው።

ትምህርቱ ተጀመረ። ቪዲዮው ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ኮት ለብሳ እስከ አንገቷ ቆልፋ ትስቃለች። ድሬ ውስጥ ኮት ቆልፎ የሚስቅ ሰው ካለ ሐኪም ይጠራለታል። “ደንበኛ ንጉሥ ነው” ትለናለች። እኔ ንጉሥ አይቼ አላውቅም፤ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ የሚመጣ ንጉሥ ግን ይኖራል ብዬ አላምንም። ደንበኛን በክብር ስም መጥራት፣ ስለ ግል ጉዳዩ አለመጠየቅ፣ ሥራውን አለመንቀፍ፣ ድምፅን ከፍ አለማድረግ፣ ሁልጊዜ ፈገግ ማለት። ሴትየዋ ይህን ሁሉ ስትዘረዝር የሥራ ዘዴዬን አንድ በአንድ የምትቃወም መሰለኝ፤ ከዚህ በፊት ዕቃዋን አጥፍቼባት ይሆን ብዬ ፊቷን ደጋግሜ አየሁት።

ታብሌቱ ደግሞ ዓይን አለው። የሚማረው ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ቪዲዮው ይቆምና “እባክዎ ትኩረትዎን ይመልሱ” ይላል። ይህን የፈለሰፈው ሰው የድሬን ከሰዓት አያውቅም። እኛ እኩለ ቀን ላይ ዘግተን ቤታችን ገብተን ጋደም የምንል፣ ፀሐይዋ ስትበርድ የምንመለስ ሰዎች ነን። ሥልጠናው ግን እኩለ ቀን ላይ እንዲሆን ታዞ ነበር፤ ደንበኛ የለም ተብሎ። ደንበኛ የሌለው ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም! “ትኩረትዎን ይመልሱ” ሲል እነቃለሁ፣ ሴትየዋ ሁለት ቃል ትናገራለች፣ እንደገና “ትኩረትዎን ይመልሱ።” ኃላፊያችን ሊያሳየኝ ብሎ እሱ ራሱ ፊቱ ተቀመጠ፤ እሱም ወዲያው ጭልጥ አለ። ታብሌቱ ትኩረትዎን ትኩረትዎን እያለ ሲጮህበት ከቆየ በኋላ ሙቀቱ ስለበዛበት ራሱ ጥርቅም ብሎ ጠፋ። ድሬ ገብቶ ከሰዓት የማይተኛ የለም፤ ማሽንም ቢሆን።

የጽሑፍ ፈተናውን ስፈተን ነገሩ ይብስ ከፋ። “ደንበኛው ተቆጥቶ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?” ይላል። ምርጫዎቹን አነበብኳቸው። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ፣ የድርጅቱን ደንብ አስረዳለሁ። “እኔም ተቆጥቼ ውሃ እሰጠዋለሁ” የሚል ምርጫ የለም። ኃላፊያችን ከጀርባዬ ቆሞ “የመጀመሪያውን ንኪ፣ የመጀመሪያውን” እያለ ባይንሾካሾክልኝ ኖሮ እዚያው በወደቅሁ ነበር። የፈገግታ ልምምድ የሚባል ደግሞ አለ። ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ፤ “ፈገግታዎ አልተገኘም” አለ። ጥርሴን አሳየሁት፤ “ፈገግታዎ አልተገኘም።” ድዴን ጨምሬ አሳየሁት። “እባክዎ ወደ ካሜራው ይመለሱ” አለኝ፤ እኔ መሆኔን እንኳን ሊያምን አልቻለም።

ባልደረባዬ ግን ሁሉን አለፈች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ታብሌቱ “ድንቅ!” ባላት ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

“እኅቴ፣ እኔ እኮ መስኮት አልፈልግም” አለችኝ አንድ ቀን ካርቶን ላይ ተቀምጠን። “ሰው ሲያየኝ ይጨንቀኛል።”

“ታዲያ ለምን አትወድቂም?”

“መውደቅ አልችልበትም” አለች፣ ዕንባዋ ቀረር ብሎ። ጭንቅላቷን ዳበስኳት።

እኔ ማለፍ አልችልበትም፣ እሷ መውደቅ አልቻለችበትም። መስኮቴን ማዳን ካለብኝ ልምምድ ያስፈልገኛል አልኩና ከቤቴ ጀመርኩ። ባሌ ለምሳ ሲገባ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

“እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ሆይ። ዛሬ በምን ልርዳዎት?”

ባሌ ቦርሳውን አስቀመጠ። “ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። እባክዎ ይቀመጡ፣ ምሳዎ ቀርቧል።”

ቁጭ አለ። ምሳውን ግን አልነካም። እኔን ያያል፣ ሳህኑን ያያል፣ እኔን ያያል። ፈገግ አልኩለት፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

“እሺ” አለ በመጨረሻ። “ባቅላባ በልቻለሁ። አንድ ብቻ ነው። ሁለት። ከመስጊዱ ጎን ካለው ጣፋጭ ቤት።”

ባሌ የስኳር በሽታ አለበት እኮ! ከዚያ በኋላ ያልኩትን ታብሌቱ ቢሰማው ኖሮ ከቅርንጫፉ ሁሉ ያባርረኝ ነበር። እዚያ ላይ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ድንገት ጨዋ ከሆነ ወይ ሰው ሞቷል ወይ አንድ ነገር ታውቆብሃል ማለት ነው። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ባቅላባው ላይ ስለነበር አልገባኝም።

የመጨረሻው ፈተና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኃላፊያችን ከሁሉም ደንበኞች ጋር እንድንለማመድ አዘዘና ወንበሩን ከጀርባዬ አድርጎ ተቀመጠ። ከመስመር በወጣሁ ቁጥር ወንበሩን ይነቀንቃል። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች “ዛሬ ምን ነካት?” እያሉ አለፉ። ከዚያ የእኔ ነጋዴ መንገዱን ሲሻገር ሰማሁት።

“ናያ! አሮጊቷ! ሞተሻል ወይስ ተኝተሻል?”

ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ዋጥኩ። “እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ደንበኛችን። በምን ልርዳዎት?”

ሰውዬው ዞሮ ከኋላው ያለውን አየ። ከኋላው አንዲት ፍየል ብቻ ነበረች።

“ማንን ነው?”

“እርስዎን ነው።”

“አቦ፣ ምን ሆንሽ?”

“ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን።”

ካርቶኑን አስቀመጠ። አንዱ ጎኑ ተከፍቶ የቻርጀር ገመድ እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል። እጄ ወደ ሲባጎው ሄደ፤ ወንበሩ ተነቃነቀ። የደንበኛን ሥራ አለመንቀፍ። “አስተሻሸግዎ ድንቅ ነው” አልኩት፤ ስናገር አፌ ውስጥ አሸዋ ያለ መሰለኝ። ሰውዬው ፊቱ ዓመድ መሰለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ትናንት ነው ያወቅነው” አለኝ። ያቺን ልጅ ከካርቶን ሳትበልጥ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የእኔ ሚዛን ላይ ወጥታ ትመዘን ነበር። ልዘል ምንም አልቀረኝም። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ስለ ግል ጉዳይ አለመነጋገር።

“መልካም ቀን ይሁንልዎ” አልኩት፤ ፈገግም አልኩ።

ደረሰኙን ይዞ ሄደ። ውሃውን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁትም። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን ካርቶኖቹ በባጃጅ ተጭነው ከፊቴ አልፈው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሌላ ላኪ ቤት ሲገቡ አየሁ። ደሜ ፈላ። ለዚያ ሁሉ ዓመት ውሃዬን ጠጥቶ፣ ሲባጎዬን ጨርሶ! ስልክ ደውዬ “ነገሩ ሥልጠና ነው” ብለው ያልቅ ነበር። ግን የኩራት ነገር፣ የሄደ ይሂድ አልኩ። ቤት ገብቼ ባሌን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት። ባሌ ደስ አለው፤ “ተመስገን፣ ዳነች” አለ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጠዋት ባልደረባዬ ተፈትና እንደ ልማዷ “ድንቅ” ተባለች። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንከፍት ተራው የእኔ ሆነ። ኃላፊያችን ታብሌቱን መስኮቱ ጥግ ላይ አቆመ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ እሱ ከካርቶን ኋላ ተደብቆ እጁን ያወዛውዝልኛል። የሚቀጥለው ደንበኛ ማንም ይሁን ማን፣ ከሰላምታ እስከ ስንብት። ልብሴን አስተካከልኩ። ኒሙን አየሁት። ለአንቺ ስል፣ አልኩ ለመስኮቴ በሆዴ።

በሩ ተከፈተና ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። አንዱ ጢሙን ሂና የተቀባ የታይዋን ነጋዴዎች ሽማግሌ ነው። ሌላው የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ ክርስትና ስነሣ የነበረ። ካርቶን አልያዙም። መጥተው ሳይጠየቁ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

“እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡራን ደንበኞቻችን” አልኩ። “በምን እንርዳችሁ?”

ጡረተኛው ወደ ጓደኛው ዞረ። “ሰማህ? ክቡራን አለችን።”

“ሰማሁ። ወላሂ፣ ነገሩ ጠንክሯል።”

“ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ። ማንጎ ስትሰርቂ ከዛፍ ያወረድኩሽ።”

“ስለ መጡ እናመሰግናለን፣ ክቡር አባባ።”

ባለ ሂናው ከዘራውን ጨበጥ አደረገው። “ዛሬ የመጣነው ለዕርቅ ነው። ያ የታይዋኑ ወንድማችን ልኮን ነው። ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ግን አጥፍቻለሁ ይላል። ‘ለቅሶ ላይ እንደሚናገሩት አናገረችኝ፤ ልጄ ደረሳት ስላት መልካም ቀን አለችኝ’ ብሎ ምግብ እምቢ ብሏል። ምን አድርጎሽ ነው?”

ይሄ ሞኝ ሰውዬ ተቀይሞ ሳይሆን ተቀይማኛለች ብሎ ነው የሸሸኝ! አፌን ከፈትኩ። ከካርቶኑ ኋላ የኃላፊያችን እጅ ተወዛወዘ። ቀዩ መብራት አፈጠጠብኝ።

“ማንኛውንም ቅሬታ በትሕትና እንቀበላለን” አልኩ።

“አየህ?” አለ ባለ ሂናው። “ቅሬታው የእሷ ሆኖ ሳለ ቅሬታ አላችሁ ወይ ትለናለች። ልቧ በጣም ተሰብሯል።”

“ካሳ ከሆነ ይክሳል። ንገሪን ብቻ” አለ ጡረተኛው።

“አስተያየትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው።”

“ላ ኢላሀ ኢለላህ” አለ ባለ ሂናው፣ ግንባሩን ይዞ።

ኃላፊያችን ሁለት ጣቱን አፉ ጥግና ጥግ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይጎትታል። ሳቂ፣ ሳቂ ማለቱ ነው። ጥርሴን አሳየሁ።

“አትሳቂብን አቦ! ሽማግሌ እኮ ነን!”

“ልቀቃት” አለ ጡረተኛው እየተነሣ። “እኛ አልቻልንም። ራሱ ይግባ።”

ኒሙ ሥር ቆሞ ኖሯል። አንገቱን ደፍቶ ገባ። በሁለት እጁ አንድ ካርቶን ታቅፏል። መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ያንን ካርቶን እስከምሞት አልረሳውም። ታይዋን ውስጥ ያለው ፕላስተር ሁሉ ተጠቅልሎበታል፤ በላዩ ላይ ሲባጎ፣ በሲባጎው ላይ እንደገና ፕላስተር። ማዕዘኖቹ ሁሉ ድርብርብ ናቸው።

“በደንብ አስሬዋለሁ” አለ ቀና ሳይል። “እስካሁን በደንብ ባለማሰሬ ከሆነ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ይበሉኝ” አለኝ። እናቴ የሞተች ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ነው። ለእኔ፣ በሕይወት እያለሁ፣ መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ።

ታብሌቱን አየሁት። ኒሙን አየሁት፤ ቅጠሉ ነፋሷን እያነጋገረ ነው። መጋዘኑን አሰብኩት። ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኮት የቆለፈችው ሴትዮ አስተምራኛለች። “ይቅርታዎን ተቀብለናል፣ ክቡር ደንበኛችን” ብል መስኮቷ የእኔ ናት። ሰውዬው ግን ከዚያች በር አንገቱን እንደ ደፋ ይወጣል።

“አንተ ደረቅ ሽማግሌ!” አልኩት። ድምፄ ለገሀሬ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። “ይሄ ምንድነው? ቻርጀር ነው ያሸግከው ሬሳ? ጅግጅጋ ላይ በምን ሊከፍቱት ነው፣ በመጋዝ?”

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጆሮውን ማመን አልቻለም።

“ደግሞ ልጅቷ ደረሳት ብለህ ነግረኸኝ ትሄዳለህ? የት ነው የደረሳት? ምን ልትማር? ማን ይዟት ሊሄድ ነው? ደሞ አንተ ነህ የምታደርሳት፣ መንገድ ላይ ትጠፋባታለህ እንጂ!”

“ናያ” አለ። “አሮጊቷ። አልሞትሽም?”

“ቀብርህን ሳላይ የት እሄዳለሁ?”

ያኔ ሳቀ፣ እየሳቀ ዕንባውን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ፤ እኔም አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ውሃ ቀዳሁለት። ባለ ሂናው “አልሐምዱሊላህ፣ ሰደበችው!” ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ጡረተኛው ስለ ዕርቃችን ሊመርቀን ተነሣ። ምርቃቱን ሳይጨርስ ታብሌቱ በዚያች በማትለወጥ የሴት ድምፅ ጣልቃ ገባ። የድምፅ ቃና፣ ቁጣ። ፈገግታ፣ አልተገኘም። አላለፉም።

“ማን ናት እሷ?” አለ ነጋዴው በንዴት ዙሪያውን እያየ። “ማን ጠየቃት?”

ኃላፊያችን ከካርቶኑ ኋላ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ላብ ነው አለ። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ውጤቱ በዚያችው ደቂቃ አዲስ አበባ ደርሷል።

ሰኞ ዕለት ጀሪካኔንና ሲባጎዬን ይዤ መጋዘን ገባሁ። ባልደረባዬ መስኮቱ ላይ ተቀመጠች፤ ለዕርድ እንደ ተጎተተች በግ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ጨለማው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መጋል ጀመረ፤ እዚያ ውስጥ የሚመጣ ነፋስ የለም፣ የሚያልፍ ሰው የለም፣ የሚሰደብ የለም። ሃምሳ ዓመቴን አልፌ እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ። የተቆጨሁት በመሳደቤ አልነበረም፤ የናፈቀኝ መስኮቴ ነበር። ከወደደው ተለይቶ የማያውቅ ይፍረድብኝ።

ከዚያ ከኋላ፣ በጠባቧ መተላለፊያ በኩል፣ ቆርቆሮው በቡጢ ተደበደበ።

“ናያ! አሮጊቷ! በስለሻል ወይስ ገና ነሽ?”

የዕቃ ማስገቢያውን በር ከፈትኩለት። ካርቶኑ በአንድ ጎኑ ተቀዷል፤ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ እንዲህ ያለ ቆንጆ ካርቶን ዓይቼ አላውቅም። ከኋላው ደግሞ ሌላ ደንበኛ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። የላከቻቸው ባልደረባዬ ናት። ለመስኮቱ የመጣውን ሁሉ በጣቷ ወደ ኋላ ትጠቁማለች፤ አንድ ቃል አይወጣትም፤ ታብሌቱም ትሕትናዋን ያደንቃል።

እንዲህ እንዲህ ስንል መተላለፊያዋ በወረፋ ተዘጋች። ኃላፊያችን አንድ ቀን ከሰዓት ብየዳ የሚሠራ ሰው ጠርቶ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አስቆረጠ። ለዋና መሥሪያ ቤቱ “ለአየር ማናፈሻ ነው” ብሎ ጽፏል። መስኮት ብዬ እጠራዋለሁ እንጂ ቀዳዳ ነው። የሚታየው የጎረቤት አጥርና ፍየል ነው፤ ነፋሷም መንገዱን ገና አላገኘችውም። ነጋዴው ከሱቁ አንድ ቬንትሌተር አምጥቶ ሰቀለልኝ፤ ዋጋውን ስጠይቀው ሰደበኝ። ባልደረባዬ በመስኮቴ በኩል በኒሙ ጥላ ዳንቴል ትሠራለች፤ ደልቷታል።

በቀደም ቆርቆሮው ቀስ ተብሎ ተንኳኳ። ነጋዴው ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ፊቱ ኮስተር ብሏል።

“እንደምን ዋሉ፣ ክቡር እመቤት? ዛሬ በምን ልርዳዎት?”

ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ባለ ሂናው ከኋላው ቆሞ በሳቅ ይፈርሳል። ግን ቃሉ ጆሮዬ ሲገባ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ጀርባዬን በረደኝ። ያን ቀን በመስኮቴ ፊት ዓመድ የመሰለው ፊቱ ትዝ አለኝ። እኔ ያልኩትን አሁን ነው የሰማሁት።

“አቦ፣ እንዲህ አትበለኝ” አልኩት።

“ናያ፣ ፈራሽ እንዴ?”

“ፈራሁ።”

የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ካርቶኑን በቀዳዳዋ በኩል ገፋልኝ። እያየሁት ታቹ ተከፍቶ ሪሞቶቹ እግሬ ላይ ተዘረገፉ።

“ይህን ያሰርከው በእጅህ ነው በዓይንህ?” አልኩና ሲባጎዬን አወጣሁ።